ቁጥሩና ባለቤቱ

የሰው ልጅ እንጀራውን ከሚያገኝበት ሥራ ባሻገር ልቡን የሚሰጠው ነገር አያጣም። አንዱ ለአትክልቱ፣ ሌላው ለመሰንቆው፣ ሌላውም ለመጻሕፍቱ ያድራል። ኅብረተሰብም ከነዚህ ፍቅሮች አንዳንዶቹን «ቁም ነገር» ብሎ ሲያከብር፣ ሌሎቹን «ጨዋታ» ብሎ በፈገግታ ያልፋቸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሽምግልና ደጃፍ ድረስ ለአንድ ጨዋታ ታማኝ ሆኖ ሲገኝ ፈገግታ ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ለመሆኑ በእውን የሌለን ነገር ዕድሜ ልክ መውደድ ይቻላልን? ቢቻልስ ያ ፍቅር ሰውን ያንጻል ወይስ ያባክናል? መመዘኛውስ ምንድን ነው?

ጥያቄውን በደፈናው ከመያዝ ይልቅ በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ መመርመር ይበጃል። ምሳሌውም በእንግሊዝ አገር ተወልዶ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀው፣ መጀመሪያ «ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር»፣ በኋላም «ፉትቦል ማናጀር» የተባለው የኮምፒዩተር እግር ኳስ ጨዋታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሠልጣኙ ወንበር

ፖል ኮልየርና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉት ሁለት ወንድማማቾች ጨዋታውን መሥራት የጀመሩት በምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በሽሮፕሻየር፣ በቤተሰባቸው ቤት፣ በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነበር። ሥራቸው በ1992 ለገበያ በቀረበ ጊዜ ለዓይን የሚማርክ ነገር አልነበረውም። የሚሮጥ ሰው የለም፤ የሚንከባለል ኳስም የለም። የሚታየው የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚመስል፣ ስምና አኃዝ የሠፈረበት ገጽ ነው። የሚጫወተው ሰው እግሩም እጁም አይፈተንም፤ የሚፈተነው ፍርዱ ነው። አንድ ክለብ ተረክቦ አሰላለፍ ያወጣል፤ ይገዛል፤ ይሸጣል፤ ከክለቡ ቦርድ ትዕግሥትና ከካዝናው አቅም ጋር ይታገላል። ግጥሚያው ከተጀመረ በኋላ በእጁ ያለው ሥልጣን እጅግ ጥቂት ነው። የሜዳው ውሎ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እየተፈራረቀ ይነገረዋል፤ እርሱም እስትንፋሱን ውጦ ያነባል።

ቴሌቪዥን ባልተስፋፋበት ዘመን ግጥሚያን በሬዲዮ የተከታተለ ትውልድ የዚህን ነገር ኃይል ለመረዳት አይቸገርም። ድምፅ ብቻ በሚሰማበት ጊዜ ሣሩን፣ ጭቃውን፣ የበረኛውን ዝላይ የሚሠራው የአድማጩ አእምሮ ነው። በዚህ ጨዋታም የኮምፒዩተሩ ድርሻ ቃሉን መስጠት ሲሆን፣ ለቃሉ ሥጋና ደም የሚያለብሰው ሰውዬው ነበር። በ2003 በወጣው እትም ሜዳው ከላይ እንደታየ ሆኖ፣ ተጫዋቾቹ በክብ ነጥቦች ተመስለው ቀረቡ። በ2008 መጨረሻ ደግሞ ከእውነተኛ ሜዳ ጋር የሚቀራረብ ምስል ተጨመረ። እንዲህም ሆኖ በ2001 የወጣውን ያለ ምስል የነበረ እትም ትተው ያልሄዱ፣ የዘመኑን ተጫዋቾች ስም ራሳቸው እየመዘገቡና ያለ ዋጋ እያደሱ የሚጫወቱ ወዳጆች ዛሬም አሉ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ፍቅሩ በማሽኑ ብልጭልጭታ ላይ የተመሠረተ አለመሆኑን ነው።

ስም ያለው ጠጠር

የመጀመሪያው እትም ክለቦቹ እውነተኞች ሲሆኑ ተጫዋቾቹ ግን ኮምፒዩተሩ የገጣጠመላቸውን የፈጠራ ስም የያዙ ነበሩ። በ1993 በወጣው እትም የእውነተኞቹ ተጫዋቾች ስም ገባ። ይህ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ማሻሻያ ይመስላል። በሞራል ረገድ ሲመረመር ግን የጨዋታውን ባሕርይ ከሥሩ የለወጠ እርምጃ ነው።

የገበጣ ጠጠር ስም የለውም። ቢበላ የሚያዝንለት የለም፤ የሚታዘነው ለተበላው ሰው ነው። የሰንጠረዥ ወታደርም ስለ ንጉሡ ሲሠዋ የሚያለቅስለት ቤተሰብ የለውም። በስሙ የተጠራ ተጫዋች ግን የሆነ አገር ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእውነተኛ ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ ይጎዳል፤ ያረጃል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጨዋታው ሁለት ዓለሞችን በአንድ ገጽ አጣመረ። ውሳኔው የምናብ ነው፤ የሚወሰንበት ሰው ግን በእውን የሚኖር ነው። የችግሩም የክብሩም ምንጭ ይኸው ጥምረት ነው።

በ1993 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ የጨዋታው ወዳጅ ዛሬ አርባ አምስትን አልፏል። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ልጆች አሳድጎ ይሆናል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ በመጨረሻው ዲቪዚዮን የሚዳክር አንድ ድሃ ክለብ እየተረከበ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በምናቡ ውስጥ ዘመን ከዘመን ሲተካ እውነተኞቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ከሜዳ ይሰናበታሉ፤ በምትካቸው ኮምፒዩተሩ የፈጠራቸው ወጣቶች ይመጣሉ። እነዚህን እናት አልወለደቻቸውም። ሆኖም ወዳጁ በ16 ዓመቱ አምኖ ያሰለፈውን፣ በ34 ዓመቱም በክብር ያሰናበተውን አንድ የፈጠራ አምበል ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ስሙን አይረሳም።

እንግዲህ «የሌለን ነገር መውደድ ይቻላልን?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። አምበሉ የለም፤ በእርሱ ላይ የዋለው ተስፋ፣ በእርሱ ምክንያት የታለፈው ትዕግሥት፣ ስለ እርሱ የተሠራው ስሕተት ግን ሁሉም ነበሩ። የአያቱን ተረት ሰምቶ የሚያለቅስ ሕፃን ተረቱ ፈጠራ ቢሆንም ዕንባው ፈጠራ አይደለም። ከድርሰት፣ ከተውኔትና ከሥዕል ጋር የኖረ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመሆኑም ነገሩ የምናብ መሆኑ ብቻውን ፍቅሩን ከንቱ አያሰኘውም።

ስምና ግብር

የፍቅሩ ሥር የት እንደሆነ የፈተነ አንድ ታሪካዊ አጋጣሚ አለ። ወንድማማቾቹ በ1994 «ስፖርትስ ኢንተርአክቲቭ» የተባለውን ኩባንያ መሥርተው ሲሠሩ፣ ሥራቸውን የሚያሳትመው «ኤይዶስ» የተባለ ሌላ ኩባንያ ነበር። በ2003 ሁለቱ ወገኖች ተለያዩ። በክፍፍሉም መሠረት «ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር» የሚለው ስም ለአሳታሚው ቀረ፤ ጨዋታው የሚንቀሳቀስበት ቀመርና የተጫዋቾቹ መረጃ ደግሞ ከሠሪዎቹ ጋር ሄደ። ሠሪዎቹ ከ«ሴጋ» ጋር ተዋውለው በ2004 «ፉትቦል ማናጀር» በሚል ስም ብቅ አሉ። ይህም ስም ቢሆን አዲስ አልነበረም፤ ኬቨን ቶምስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1982 ላወጣው ተመሳሳይ ጨዋታ የሰጠው ስም ነው። አሳታሚው በበኩሉ በቀድሞው ስም ሌላ ጨዋታ አሠርቶ በ2005 አቀረበ።

ወዳጁ እንግዲህ ከስምና ከግብር አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ስም በአንድ ወገን፣ የሚያውቀው ሥራ በሌላ ወገን ቆመ። አብዛኛው ወዳጅ ሥራውን ተከተለ፤ ያ የጥንቱ ስምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደበዘዘ። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨዋታው የሁለት ወንድማማቾች ብቻ ሥራ መሆኑ ካቆመ ቆይቷል። በየአገሩ ያሉ፣ ከሺህ የሚበልጡ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ አብዛኞቹም የየክለባቸው ደጋፊዎች፣ በዝናብና በብርድ የታዳጊዎችን ግጥሚያ እያዩ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያውቁትን ይመዘግባሉ። ወዳጁ የወደደው በሽፋኑ ላይ የታተመውን ስም ሳይሆን የነዚህን ሰዎች የተጠራቀመ ትኩረት ነው። ፍቅሩ ሸቀጥን ከማምለክ የተለየ መሆኑን በተግባር ያስመሰከረው በዚያን ጊዜ ነበር።

ሰዓቱ ከማን ተወሰደ?

እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ ወዳጁ ያዘነበለ ይመስላል። ነገር ግን ክሱም መደመጥ አለበት። በ2012 ሦስት ጸሐፊዎች ስለዚሁ ጨዋታ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፉትቦል ማናጀር ሕይወቴን ሰረቀብኝ» የሚል ነው። ቀልድ ነው፤ ግን ኑዛዜ ያለበት ቀልድ ነው። ባለቤቱን የሰረቀ ሌባ ከውጭ አልመጣም፤ በሩን የከፈተለትም፣ ሻይ ያፈላለትም ራሱ ባለቤቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የባከነውን ጊዜ በሰዓት ቆጥረው ፍርድ መስጠት ይቀናቸዋል። ይህ ፍርድ የችኮላ ፍርድ ነው። ሰዓት ብቻውን ምስክር ከሆነ ዕድሜውን ሁሉ በገና ሲደረድር የኖረውም፣ ሰንጠረዥ ላይ ሲያመሽ የኖረውም ሽማግሌ ተከሳሽ ይሆናል። መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰዓት ጠፋ?» ተብሎ ሳይሆን «ሰዓቱ ከማን ተወሰደ?» ተብሎ ነው። ድካሙን አስታግሦ ነገ ወደ ሥራው በበጎ መንፈስ የሚመለስ ሰው ከማንም አልወሰደም። ልጁ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቡ ቆማ «አባባ» ስትለው «ቆይ፣ ይህ ግጥሚያ ይለቅ» የሚል አባት ግን ወስዷል። ያ ግጥሚያ ሲያልቅ ሌላ ግጥሚያ አለ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ ዘመን አለ፤ ጨዋታው ማብቂያ የለውም። ልጅነት ግን ማብቂያ አለው። ማብቂያ የሌለው ነገር ማብቂያ ያለውን ሲበላ ዝም ብሎ ማየት የጨዋታው ጥፋት አይደለም፤ የሰውዬው ነው።

ማንም በማያይበት

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይረቃል። በአገራችን በሰንጠረዥ ዙሪያ ተመልካች አይጠፋም ነበር። ታዳሚው ይመክራል፤ ይጮኻል፤ ያወድሳል፤ ይሳለቃል። የተሳሳተ እጅ ወዲያውኑ ይታያል። በኮምፒዩተር ፊት ብቻውን በሌሊት የተቀመጠ ሰው ግን ተመልካችም ዳኛም የለውም።

ጨዋታው የደረሰበትን ደረጃ መዝግቦ ማቆየት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ወዳጁ በዋንጫ ፍጻሜ በመጨረሻው ደቂቃ በገባ ጎል ሲሸነፍ በፊቱ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንደኛው ሽንፈቱን ተቀብሎ መቀጠል ነው። ሁለተኛው ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከግጥሚያው በፊት ወደ ተመዘገበው ደረጃ ተመልሶ፣ እስኪያሸንፍ ድረስ ያንኑ ፍጻሜ ደጋግሞ መጫወት ነው። ዋንጫው በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። የሚጋለጥበት መንገድ የለም። የሚጎዳም ሰው የለም።

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ከዐይን የሚሰውር ቀለበት ስላገኘ እረኛ ይተርካል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የማይታይ ሰው ለምን ጻድቅ ይሆናል? የቀለበቱ ባለቤት ዙፋን ሰርቋል፤ የኮምፒዩተሩ ወዳጅ የሚሰርቀው የራሱን ሽንፈት ነው። ታዲያ ይህ ምን ነውር አለበት?

በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ በ1978 ባሳተመው ሥራው ጨዋታ መጫወት ማለት አስፈላጊ ያልሆነን እንቅፋት በፈቃድ ተቀብሎ ለመሻገር መጣጣር ነው ሲል አስረድቷል። ኳስን ወደ ጎል ማስገባት ብቻ ቢፈለግ ኖሮ በእጅ ተሸክሞ መግባት በቀለለ ነበር። በእግር ይሁን የተባለው ድካሙ እንዲኖር ነው። ከዚህ አኳያ ሲታይ፣ ሽንፈቱን የሚሰርዝ ሰው የሰረዘው እንቅፋቱን ነው፤ እንቅፋቱ ሲጠፋ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ጠፍቷል። በእጁ የቀረው ዋንጫ የማንም ሽልማት አይደለም።

ይህን ሳይማሩት ያወቁት ብዙ ወዳጆች ናቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው ወደ ኋላ ላለመመለስ ከራሳቸው ጋር ቃል ኪዳን ይገባሉ። የሚወዱትን ክለብ ይዘው ወርደው፣ ተባርረው፣ ሥራ ፈትተው ቆይተው፣ በሌላ ትንሽ ክለብ እንደገና ይጀምራሉ። ለዓመታት የሚተርኩትም ያንን የሽንፈት ዘመን ነው። ምስክር በሌለበት ክፍል ውስጥ ለራስ የገቡትን ቃል መጠበቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። ኅሊና የሚባለው ነገር ግን ልምምዱን የሚያደርገው በትንንሹ ነው።

ከአንድ እስከ ሃያ

ሦስተኛውና ዋናው ፈተና ሰውን በቁጥር የመመዘን ጉዳይ ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የእያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታ ከ1 እስከ 20 በሚደርስ አኃዝ ይገለጻል። ፍጥነቱ፣ ቅብብሉ፣ የአየር ላይ ኳስ ችሎታው ብቻ ሳይሆን ድፍረቱ፣ ቁርጠኝነቱ፣ ከቡድን ጋር አብሮ የመሥራት ፈቃዱ ሁሉ ቁጥር አለው። ከነዚህ በስተጀርባ ደግሞ የሚጫወተው ሰው የማያያቸው ስውር ቁጥሮች ይገኛሉ። ከሁሉም የሚከብደው እስከ 200 የሚቆጠረው አኃዝ ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ በዕድሜው ሁሉ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ጣሪያው አስቀድሞ ተወስኖ ታትሟል ማለት ነው።

በ2001 በወጣው እትም የሁለት ተጫዋቾች ነገር ለዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ማስረጃዎች ይሆናል። የመጀመሪያው በአንድ ትንሽ የፖርቱጋል ክለብ ስም የተመዘገበ አጥቂ ነው። የትኛውም ቡድን ቢገዛው ጎል እንደ ጎርፍ ያጎርፍ ነበር። በኋላ እንደተደረሰበት እንዲህ ያለ ተጫዋች በሜዳ ላይ አልነበረም፤ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዱ ራሱን በመዝገቡ ውስጥ አስገብቶ ነው። ይህ ባለቤት የሌለው ቁጥር ነበር፤ ሲታወቅ አሳቀ፤ ማንንም አላቆሰለም።

ሁለተኛው ቼርኖ ሳምባ ነው። በ1985 በጋምቢያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ለንደን የመጣው ይህ ወጣት በሚልዎል ክለብ ታዳጊዎች ዘንድ ጎልቶ የወጣ፣ ለእንግሊዝ የወጣት ቡድኖችም የተጫወተ አጥቂ ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ያዩትን አይተው ታላቅ ጣሪያ ሰጡት። በዓለም ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አድጎ ከዓለም ታላላቅ አጥቂዎች አንዱ ሆነ። በእውነተኛው ዓለም ግን ለሚልዎል ዋና ቡድን ሳይሰለፍ በ2004 ወደ ስፔኑ ካዲዝ ሄደ። ቀጥሎም በእንግሊዙ ፕሊመዝ አርጋይል፣ በፊንላንድ፣ በግሪክና በኖርዌይ ተጫወተ፤ የትውልድ አገሩን የጋምቢያን ብሔራዊ ቡድን መለያም ለበሰ። ይህ ማንም ሊኮራበት የሚገባ የሥራ ዘመን ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር ሲነጻጸር «ሳይሆን የቀረ» የሚል ስም ተለጠፈበት። ያላገባቸውን ጎሎች የሚያስታውሱለት ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ያገባቸውን የሚያውቁለት ግን ጥቂቶች ናቸው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ባለቤቱን ቀድሞ ሄደ፤ ባለቤቱም ዕድሜውን ሙሉ ከራሱ ጥላ ጋር ሲወዳደር ተገኘ።

«ይህ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም የለውም» የሚል ቢኖር ተከታዩን ልብ ይበል። በ2008 የእንግሊዙ ኤቨርተን ክለብ የጨዋታውን መረጃ ለተጫዋች ፍለጋ ሥራው ለመጠቀም ከአምራቹ ጋር ተስማማ። በ2014ም መረጃው ለክለቦች መመልመያ አገልግሎት ከሚሰጥ ሌላ ተቋም ጋር ተያያዘ። በመኝታ ክፍል ውስጥ የተጀመረው የምናብ ሚዛን ተመልሶ በእውነተኛ ሰዎች እንጀራ ላይ የሚናገር ሆነ ማለት ነው። በምናብ የጀመረ ልማድ ሁልጊዜ በምናብ ውስጥ ታጥሮ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ፍትሐዊ ለመሆን ጨዋታው ራሱ ያስቀመጠውን አንድ ጥበብ መዘንጋት አይገባም። ገና ላልበሰሉ ወጣቶች መረጃ ሰብሳቢው ቁርጥ ያለ ጣሪያ ከመስጠት ይልቅ ሰፋ ያለ ክልል ብቻ ማመልከት ይችላል። ኮምፒዩተሩም ጨዋታው በአዲስ መልክ በተጀመረ ቁጥር በዚያ ክልል ውስጥ የተለያየ ጣሪያ ያወጣል። ያው ልጅ በአንዱ ቤት ታላቅ ይሆናል፤ በሌላው ቤት ተራ ሆኖ ይቀራል። ይህ የቀማሪዎቹ ኑዛዜ ነው። ሰውን ለመቁጠር ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች እንኳ ስለ አንድ ልጅ የመጨረሻውን ቃል ለመናገር እንደማይችሉ በራሳቸው ቀመር ውስጥ ጽፈዋል።

መዝጋቢዎች ሁሉ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ኮምፒዩተር ነክቶ ለማያውቅ አንባቢም ይመለከተዋል። መምህሩ በየሰሚስተሩ መጨረሻ በተማሪው ካርድ ላይ ቁጥር ያሠፍራል። ካድሬው ስለ ጓዱ ግምገማ ይጽፋል፤ ወረቀቱ በማኅደር ውስጥ ገብቶ ሰውዬው ከሚያውቀው በላይ አብሮት ይጓዛል። ደራሲው ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር ከሚያውቃቸው ሰዎች አንዱን ጠባይ፣ ከሌላው ንግግር ይወስዳል። ሦስቱም የመዝጋቢነት ሥልጣን አላቸው። ሦስቱም በወረቀት ላይ የሠፈረውን ሰው ከወረቀት ውጭ ካለው ሰው ጋር የማምታታት አደጋ ያንዣብብባቸዋል።

ቁጥር አይኑር ማለት አይደለም። ያለ መመዘኛ ማስተማርም፣ መሾምም፣ መምረጥም አይቻልም። መመዘኛ የሌለበት ቦታ የሚገዛው ፍትሕ ሳይሆን ዝምድና ነው። ቁጥሩ ግን የሚያገለግለው ወደ ሰውዬው እስካመለከተ ድረስ ብቻ ነው። «በሒሳብ 42 አገኘ» የሚለው ቃል «ምን ገታው? በየትኛው ትምህርት ላይ ተሰናከለ? ቤቱ መብራት አለውን?» የሚሉ ጥያቄዎችን ካስከተለ መልካም ነው። ጥያቄውን ሁሉ ዘግቶ «42 ነው» ብሎ ካሳረፈ ግን ሕፃኑ ጠጠር ሆኗል፤ ያውም ስም ያለው ጠጠር።

እንግዲህ ዕድሜ ልክ የዘለቀው ፍቅር ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው። ወዳጁ የሚወደው ነገር የምናብ መሆኑ አያስነቅፈውም፤ ሰዓቱን ከማን እንደወሰደ ግን ይጠየቃል። ማሸነፉ አያስመሰግነውም፤ ማንም በማያይበት ሽንፈቱን እንዴት እንደተሸከመ ግን ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል። ከሁሉም በላይ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስሞችን ሲያነብ ኖሮ፣ ስሞቹ የሰዎች መሆናቸውን ማስታወሱና መዘንጋቱ ይወስነዋል።

በየካቲት 2025 አምራቹ የዓመቱን እትም ጨርሶ ማውጣት አለመቻሉን አስታወቀ፤ ሥራውም ተሰረዘ። በየዓመቱ አዲስ እትም ሲጠብቁ ለኖሩት ወዳጆች ባዶ ዓመት ሆነ። ቀጣዩ እትም በኅዳር 2025 የሴቶችን እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨምሮ ወጣ። በመካከሉ በነበረው ጊዜ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ እትሞቻቸው ተመለሱ።

አንድ ወዳጅ እንዲህ ባለ ጊዜ የድሮውን መዝገብ ሲከፍት በልጅነቱ ያሰለፋቸውን ያገኛቸዋል። የ17 ዓመቱ ተከላካይ አሁንም 17 ዓመቱ ነው፤ ጣሪያውም አሁንም ከፍ ያለ ነው። በአዲሱ እትም ውስጥ ግን ስሙ የለም። ያ ልጅ ዛሬ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ምናልባት በአንድ ከተማ ሕፃናትን ያሠለጥናል፤ ምናልባት መኪና ይነዳል፤ ምናልባት ጉልበቱ ያመዋል። ወዳጁ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት «ይህ ሰው ዛሬ የት ይሆን?» ብሎ ከጠየቀ ዓመታቱ አልባከኑበትም።